ዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር ሚካኤል

ባገራችን የሰው ሞት ለቀባሪና ለንስሐ አባት እንጂ ለመዝገብ ሹም የሚነገር ነገር አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሞት መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው በይደር ቆየ፤ በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። የቅድመ አያቱን ሞት ልመርምር ብሎ የሚነሣ ሰው እንግዲህ የሚያገላብጠው መዝገብ የለውም። ጋዜጣም ብዙ አይረዳውም፤ «ብርሃንና ሰላም» እንኳ መታተም የጀመረው በ1917 ነው።

እኔን ለፍለጋ ያነሣሣኝ የደም ወሬ ነው። ቅድመ አያቴ ጉለሌ ውስጥ ከጎረቤታቸው ቤት የቁስቋም ዝክር በልተው፣ በምግቡ መርዝ ተጨምሮባቸው፣ በሳምንቱ ሞቱ ሲባል ኖሯል። በዚህ ጠንቅ የሁለቱ ቤት ልጆች ለሦስት ትውልድ አልተጋቡም፤ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም ነበር።

ምስክሩ የተገኘው ከቤተሰቡ የብራና ዳዊት ነው። የሁለቱም ቤት ንስሐ አባት የነበሩት ቄስ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የሞቱን ቀን ጽፈዋል፤ ዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ ዕለቱ ሐሙስ። ዓመተ ምሕረቱ ግን የለም። ደግነቱ የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ይመሰክራል። ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን 1903፣ 1907፣ 1911 እና 1915 ዘመነ ሉቃስ ነበሩ። ኅዳር 12 ቀን በ1903 ሰኞ፣ በ1907 ቅዳሜ፣ በ1915 ማክሰኞ ውሏል። ሐሙስ የዋለው በ1911 ነው።

ኅዳር 1911 ደግሞ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን የፈጀበት፣ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ጊዜ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ያኔ አልጋ ወራሽ ተፈሪ፣ ታመው መትረፋቸውንና በከተማይቱ ከ10,000 በላይ ሰው ማለቁን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም የዚያ መታሰቢያ ነው። በሽታው ሳንባ እያጠቃ ጠንካራውን ጎልማሳ በጥቂት ቀናት ይገድል ነበር። ከቁስቋም እስከ ሚካኤል 6 ቀን ነው።

ቀኑ ብቻውን የመርዙን ወሬ አያፈርስም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከዚያው ገጽ ግርጌ፣ በዚያው የቄሱ እጅ ጽሑፍ፣ ሌላ ስም አለ፤ ቀኑ ኅዳር 15፣ እሑድ። ስሙ ገዳይ የተባሉት የጎረቤታቸው ነው። በ3 ቀን ተከትለዋቸው ሞተዋል። ወሬው ይህን ሞት ሳይዝ ነው ለኛ የደረሰው። ቀባሪ በጠፋበት በዚያ ወር፣ በየጎጆው ታሞ የተኛ ሰው የጎረቤቱን መሞት እንዴት ይሰማል? ከሞት የተረፈውስ ልጅ አባቱን የነጠቀውን ነገር በምን ስም ይጥራው?

ገጹን ለሁለቱም ቤት ሽማግሌዎች አንብቤላቸዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ሚካኤል የሁለቱ ሟቾች ስም በአንድ ጸሎት ተጠራ። አንባቢም በቤቱ ዳዊት ወይም ገድል ካለ የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ይመልከት፤ ባዶ ላይሆን ይችላል።