ውስጡ አልማዝ አልነበረም

ጎሮ ዮሺዳ የጀርመኑን ላይካ ካሜራ ብሎን በብሎን ፈታታው። አልማዝ የሚባል ነገር የለም። ናስ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ጎማ ብቻ። ከእነዚህ ርካሽ ነገሮች የተሠራ ዕቃ ያን ያህል መወደዱ አናደደው። እውነትም ያናድዳል እኮ፤ ያኔ ጃፓን ውስጥ ላይካ 420 የን ሲሸጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ትልቅ ባንክ የተቀጠረ ሰው መነሻ ደመወዙ 70 የን ነበር። የስድስት ወር ደመወዝ፣ ያውም ሳይበሉ ሳይጠጡ።

ከዚያ ንዴት እ.ኤ.አ. በ1933 ቶኪዮ፣ ሮፖንጊ ውስጥ ትንሽ ላቦራቶሪ ተወለደ። ዛሬ ካኖን የምንለው ነው። ዮሺዳ ራሱ ቶሎ ለቀቀ። በ1936 ለገበያ የቀረበውን የሃንሳ ካኖንን ሌንስም መግጠሚያም የሠራው ኒፖን ኮጋኩ፣ ማለትም የዛሬው ኒኮን ነው። (አዎ፣ ሁለቱ ባላንጣዎች የጀመሩት እንዲህ ነው።) ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ካኖን የላይካን በጥርስ የሚጠመዘዝ 39 ሚሊሜትር መግጠሚያ ወሰደ።

እኔን እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ ይበልጥ የሚስበኝ ግን 1987 ነው። ካኖን ኢኦኤስን ሲያወጣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የነበሩትን ሜካኒካል ዘንጎች ጥሎ በኤሌክትሪክ ንክኪዎች ተካቸው። ብረት በካሊፐር ይለካል፤ ንግግርን በምን ትለካዋለህ? ፓተንት ያወጣ ሰው ሥዕሉን ለሕዝብ ያሳያል፣ የመብቱ ዋጋ እሱ ነው። ፕሮቶኮሉን ግን ካኖን ለማንም አላሳተመም። ስለዚህ እንደ ሲግማ ያሉ አምራቾች ካሜራውና ሌንሱ የሚባባሉትን ሰምተው ትርጉሙን ገመቱ።

ሰነድ በሌለው ኤፒአይ ላይ የሠራ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። አዳዲስ የካኖን ካሜራዎች ሲወጡ አንዳንድ የቆዩ የሲግማ ሌንሶች ኤረር እያሳዩ ቀጥ አሉ። ሲግማ ለአንዳንዶቹ ቺፕ ቀየረላቸው፤ የቀሩት የመደርደሪያ ጌጥ ሆኑ። ካኖን ሆን ብሎ ነው? እኔ አይመስለኝም። ቃል ያልገባልህ ሰው ቤቱን ሲያድስ አይደውልልህም።

በ2018 አርኤፍ የተባለው አዲስ መግጠሚያ መጣ። በ2022 ቪልትሮክስ የተባለው የቻይና አምራች በካኖን ጥያቄ የአርኤፍ አውቶፎከስ ሌንሶቹን መሸጥ አቆመ፤ ካኖንም ፓተንቴ ተጥሷል አለ። በሕግ መብቱ ነው፣ አልከራከርም። ግን ላይካ ፈትቶ የተናደደ ሰው የጀመረው ድርጅት መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። በ2024 ሲግማና ታምሮን ፈቃድ አግኝተው የአርኤፍ ሌንስ አስተዋወቁ፤ ሌንሶቹ ግን ለአነስተኛው ሴንሰር፣ ለኤፒኤስ-ሲ ብቻ የተሠሩ ነበሩ።