የቦሎኛ ጉራንጉሮች፦ የባለቤቱ መሬት፣ የመንገደኛው ጥላ

የቦሎኛ የእግር መንገድ ጣራ አለው። በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በዚህች አሮጌ ከተማ፣ ከጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቤቶች ፎቃቸውን በዓምድ ላይ አሳርፈው ምድር ቤታቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያደረጉ ናቸው። በዓምዶቹና በምድር ቤቱ ግድግዳ መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ አላፊ አግዳሚው የሚመላለስበት በረንዳ ነው። የአገሬው ሰው ፖርቲኮ ይለዋል። የከተማዋ ፖርቲኮዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ 62 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ከዚህ ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው በአሮጌው መሐል ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የነገሩ መነሻ የቦታ ጥበት ነው። ቦሎኛ የአውሮፓ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የምሥረታው ዘመን በልማድ 1088 ተብሎ ይቆጠራል። የሮማውያንን ሕግ ለመማር ከየአገሩ የሚጎርፈው ተማሪ ማደሪያ ይፈልጋል። የእጅ ባለሙያውና ነጋዴውም ከገጠር ይገባል። በ1257 ደግሞ የከተማዋ አስተዳደር ወደ 6 ሺሕ የሚጠጉ፣ በጌቶቻቸው መሬት ላይ ታስረው የሚኖሩ ሰዎችን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ነጻ አወጣ፤ ስማቸው የሰፈረበት መዝገብ የገነት መጽሐፍ ተብሎ ይጠራል። ሰው በዛ፤ በቅጥር የታጠረው መሬት ግን ያው ነው። ስለዚህ ባለቤቶች መላ መቱ። የፎቁን ወለል በእንጨት ድጋፍ ወደ ጎዳናው አስወጥተው አንድ ክፍል ጨመሩ። ክፍሉ ሲሰፋና ሲከብድ ድጋፉ ብቻውን አልችል አለ፤ ከታች ከመንገዱ ላይ ምሰሶ ተተከለለት። በረንዳው የተወለደው እንዲህ ነው።

ይህን መሰሉን ነገር ሌሎች የኢጣሊያ ከተሞችም ያውቁታል። ብዙዎቹ ግን መንገድ ያጣብባል፣ ለእሳት ያጋልጣል እያሉ አፈረሱት። የቦሎኛ አስተዳደር የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። በ1288 የወጣው ደንብ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ ፖርቲኮ እንዲኖረው፣ የሌለው ነባር ቤትም እንዲጨምር አዘዘ። በረንዳው የሚያርፈው በባለቤቱ መሬት ላይ ነው፤ የሚጠገነው በባለቤቱ ወጪ ነው፤ የሚተላለፍበት ግን ማንም ሰው ነው። ከፍታው ከ7 የቦሎኛ ጫማ፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ተወሰነ፤ ፈረሰኛ ከኮርቻው ሳይወርድ እንዲያልፍ ታስቦ ነው ይባላል። ይህ ውል ከ700 ዓመት በላይ ቆይቷል። ዛሬም በብዙው ጎዳና ከቅስቱ ሥር ያለው ወለል በሰነድ የግለሰብ ነው፤ የሚረግጠው ግን ሁሉም ነው። ሰዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች የቦሎኛን ቅስቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ከቅስቶቹ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ግን ይህ ውል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምሰሶዎች እንጨት ነበሩ። በ1568 ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የጳጳሱ ሹም እንጨቱ በድንጋይ ወይም በሸክላ እንዲተካ አዋጅ አወጣ፤ ሆኖም ጥቂቶቹ ከአዋጁ ተርፈዋል። ስትራዳ ማጆሬ በተባለው ጎዳና ያለው የኢዞላኒ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ቤቱ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ፎቁን የተሸከሙት የወይራ ያህል የጠነከሩ የባሉጥ ግንዶች ናቸው፤ 9 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። እግራቸው እርጥበት እንዳይመጥ በድንጋይ መቆሚያ ላይ ተተክለዋል። በስንጥቃቸው ውስጥ ጣት ይገባል፤ ሰው ሲያልፍ የሚነካካው ከፍታ ላይ ደግሞ እንጨቱ ለስልሷል። ጎብኚዎች አንገታቸውን ሰቅለው የሚፈልጉት ከጣራው ላይ ተሰክተው ቀርተዋል የሚባሉትን ሦስት ቀስቶች ነው፤ ስለ ቀስቶቹ የሚተረከውም አፈ ታሪክ ብዙ ነው። ግንዶቹ ግን ከአፈ ታሪኩ የበለጠ ይናገራሉ፤ የ1288ቱ ከተማ ምን ትመስል እንደነበር በዓይን የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።

በዚያው ጎዳና ወደ መሐል ሲዘለቅ ሁለቱ ማማዎች ከሚባሉት ይደረሳል። ሁለቱም የ12ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። አዚኔሊ የተባለው 97 ሜትር ይረዝማል። ጎረቤቱ ጋሪዜንዳ መሬቱ ስለከዳው ገና ከጥንቱ አዘመመ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንዳይወድቅ ተብሎ አናቱ ተቆርጦ 48 ሜትር ያህል ቀረ። ገጣሚው ዳንቴ አዘማመሙን አይቶ በመለኮታዊ ኮሜዲው ጠቅሶታል። በ2023 አደጋው ስለበረታ ዙሪያው ታጥሮ የጥገና ሥራ ተጀመረ።

ከማማዎቹ ጀርባ የድሮው የአይሁድ ሰፈር አለ፤ የከተማዋ ጉራንጉር በትክክል የሚጀምረው እዚህ ነው። ጳጳስ ጳውሎስ 4ኛ በ1555 ባወጡት አዋጅ መሠረት የቦሎኛ አይሁዶች በ1556 በእነዚህ ጥቂት ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ተሰበሰቡ፤ መግቢያዎቹም በር ተበጅቶላቸው ማታ ማታ ይቆለፉ ነበር። በ1569 ተባረሩ፣ በ1586 ተመለሱ፣ በ1593 ለመጨረሻ ጊዜ ተባረሩ። ቤቶቹ ወደ ጎን መስፋት ስላልተፈቀደላቸው ወደ ላይ አድገዋል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ድልድይ መሰል ክፍሎች ከመንገደኛው ራስ በላይ ተጋድመዋል። ዋናው መንገድ ቪያ ዴል ኢንፌርኖ፣ የገሃነም መንገድ ይባላል። ምኩራባቸው የነበረበት ቁጥር 16 ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፏል። ዕደ ጥበብ የሚሸጥባቸውና ወይን የሚጠጣባቸው ጥቂት ቤቶች ቢኖሩም መንገዱ ዛሬም ጸጥ ያለ ነው።

ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን በቪያ ፒዬላ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ስትከፈት የሚታየው ጓሮ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ከቤቶቹ ጀርባ ግድግዳ ለግድግዳ የሚፈስ ቦይ። ቦሎኛ ትልቅ ወንዝ በመሐሏ የማያልፍባት ከተማ ስትሆን፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሬኖን ወንዝ ከካዛሌኪዮ ግድብ እየጠለፈች ውሃ ወደ ውስጧ አስገብታለች። ያ ውሃ የእህል ወፍጮዎችን፣ ቀጥሎም የሐር መፍተያዎችን አሽከረከረ። በቦሎኛ የተሠራ ቀጭን የሐር ክንብንብ በመላ አውሮፓ ይፈለግ ነበር፤ ዕቃው በናቪሌ ቦይ በጀልባ ተጭኖ ወደ ሰሜን ይወርድ ነበር። የሐር ሥራው ሲሞት ቦዮቹ ቆሻሻ መጣያ ሆኑ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ አብዛኞቹ ለመኪና መንገድ ተከደኑ። አንድ ሙሉ የከተማ ሥራ አስፋልት ሥር መቀበሩ የሚያሳዝን ነው። የቪያ ፒዬላ መስኮት የተረፈውን ታሳያለች።

ገበያው ከትልቁ አደባባይ ከፒያሳ ማጆሬ ምሥራቅ ነው፤ ኳድሪላቴሮ ይባላል። መንገዶቹ ስማቸውን ያገኙት ከየተራው ሥራ ነው፦ ኦሬፊቺ የአንጥረኛ ተራ፣ ድራፔሪዬ የጨርቅ ተራ፣ ክላቫቱሬ የቁልፍ ሠሪ ተራ፣ ፔስኬሪዬ ቬኪዬ ደግሞ የድሮው ዓሣ ተራ። ዓሣው አሁንም አለ። ጠዋት ጠዋት በረዶ ላይ ተጋድሞ ይሸጣል፤ የቀለጠው በረዶ የመንገዱን ድንጋይ ያርሳል። ከአጠገቡ ሞርታዴላ የተባለው ቋሊማ ከጣራው ላይ ተንጠልጥሎ፣ የፓርሚጃኖ አይብ እንደ ከበሮ ተደራርቦ ይታያል። ከአደባባዩ ዳር በፖዴስታ ቤተ መንግሥት ሥር ባለው ጉልላት ደግሞ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ጥግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቢያንሾካሹኩ ይሰማማሉ፤ ልጆች ወላጆቻቸውን እየጎተቱ የሚያመጡት እዚህ ነው።

ከገበያው ጥቂት እርምጃ ርቆ በ1563 የተሠራው አርኪጂናዚዮ አለ። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ቋሚ ቤት ያገኘው በዚህ ሕንፃ ነው። ግድግዳዎቹ በሺሕ በሚቆጠሩ የተማሪ ጋሻዎችና ዓርማዎች ተሸፍነዋል። በጥር 1944 በቦምብ ተመታ፤ ሬሳ እየተከፈተ የሰው አካል ትምህርት ይሰጥበት የነበረው የእንጨት አዳራሽም ከፍርስራሹ በተለቀሙት እንጨቶች እንደገና ተገጣጥሟል።

ቪያ ፎንዳትሳ ቱሪስት የማይበዛበት፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ፖርቲኮ ያለው የሠራተኛ ሰፈር ነው። ሠዓሊው ጆርጆ ሞራንዲ በ1964 እስኪሞት ድረስ ከሦስት እህቶቹ ጋር በቁጥር 36 ኖሯል። በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይሥል ነበር። ጠርሙስ፣ ጣሳና ማሰሮ በጠረጴዛ ላይ እየደረደረ፣ አቧራቸው እንዲቆይ እየተወ፣ ያንኑ ዕቃ ለአሥርታት ሣለው። የሥዕሎቹ የደበዘዘ ሮዝ፣ ቡኒና የአፈር ቀለም ከቤቱ ደጅ ያለው የግድግዳ ቀለም ነው።

እንዲህ ያሉ ሰፈሮች የተረፉት እንዲያው አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌሎች ከተሞች አሮጌ ሰፈራቸውን ሲያፈርሱ ወይም ለባለ ሀብት ሲለቁ፣ ቦሎኛ አርክቴክት ፒዬር ሉዊጂ ቼርቬላቲ የመሩትን ዕቅድ ተከተለች። በ1973 አስተዳደሩ እንደ ሳን ሌዮናርዶና ሶልፌሪኖ ባሉ የድሃ ሰፈሮች ያረጁ ቤቶችን በጥንት ቅርጻቸው አድሶ በዝቅተኛ ኪራይ ለነባር ነዋሪዎች ማከራየት ጀመረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ቤቱ ተጠብቆ የኖረበት ሰው ከተፈናቀለ ሰፈሩ አልዳነም። ዕቅዱ የታሰበውን ያህል ባይስፋፋም ከአውሮፓ ከተሞች ብዙዎች ተምረውበታል።

ከፖርቲኮዎቹ ሁሉ ረጅሙ ከሳራጎትሳ በር ተነሥቶ ወደ ተራራ ይወጣል። በተራራው ላይ ባለው የሳን ሉካ ቤተ መቅደስ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብሎ የሚታመን ሥዕለ ማርያም አለች፤ ሉቃስ የእመቤታችን ሥዕል የመጀመሪያው ሠዓሊ ነው የሚለው ትውፊት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም የታወቀ ነው። በ1433 የማያቋርጥ ዝናብ አዝመራውን ሊያጠፋ ሲል ሥዕሏ በምሕላ ወደ ከተማ ወረደች፤ ዝናቡም ቆመ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትወርዳለች። በ1674 ምእመናኑን ከዝናብና ከጭቃ የሚጠብቅ በረንዳ ተጀመረ። በ1677 የከተማው ሰው ከሜዳ እስከ ተራራው ተሰልፎ የግንባታውን ዕቃ እጅ በእጅ አቀባበለ። የእያንዳንዱ ቅስት ወጪ በቤተሰብ፣ በሙያ ማኅበር ወይም በሰፈር ተሸፈነ፤ የሰጪዎቹ ስም አሁንም በየቅስቱ ላይ ይነበባል። ቅስቶቹ 666 ናቸው፤ ርዝመቱ 3.8 ኪሎ ሜትር። ዛሬ ጠዋት በሩጫ የሚወጣው ወጣትና መቁጠሪያ ይዞ የሚወጣው ሽማግሌ በአንድ ጣራ ሥር ይተላለፋሉ።

የበረንዳ ልማድ በጥንቱ ቅጥር ውስጥ አልቀረም። በምዕራቡ ዳርቻ ባርካ በተባለው ሰፈር አርክቴክት ጁዜፔ ቫካሮ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ለሠራተኞች የመኖሪያ ሕንፃ ሲሠሩ ምድር ቤቱን ለፖርቲኮና ለሱቆች ተውት። ሕንፃው 600 ሜትር ያህል እየታጠፈ ስለሚሄድ ነዋሪው ባቡሩ ይለዋል። ዩኔስኮ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ከፎቅ ወርዶ ዳቦ የሚገዛ የባርካ ነዋሪ ዝናብ ሳይነካው ተመልሶ ይገባል።