የጃፓን ሕዝብ ማርጀትና የኢኮኖሚ ዕድገቷ

ከ15 እስከ 64 ዓመት ባለው የሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኘው የጃፓን ሕዝብ ቁጥሩ ጣሪያ የነካው በ1995 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ 87 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ይህ ኃይል በ2023 ወደ 74 ሚሊዮን ወርዷል። የአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ግን 128 ሚሊዮን ደርሶ ማሽቆልቆል የጀመረው ከ2008 በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሚሠራው እጅ ሲያንስ የሚበላው አፍ አላነሰም፤ የሕዝብ ማርጀት በኢኮኖሚ ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

ለውጡ እጅግ ፈጣን ነበር። በ1947 አንዲት ጃፓናዊት በአማካይ ከአራት በላይ ልጆች ትወልድ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ሁለት ገደማ ሆነ። ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው የ1948ቱ ሕግና የከተማ ኑሮ መስፋፋት ለዚህ ድርሻ ነበራቸው። በዚያው ልክ የሰው ዕድሜ ረዘመ። 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በ1970 ከሕዝቡ 7 በመቶ፣ በ1994 ደግሞ 14 በመቶ ሆኑ፤ ፈረንሳይ ይህንኑ ለውጥ ለማየት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባታል። በ2023 የጃፓን አረጋውያን ድርሻ 29 በመቶ ደርሷል።

ዕድገት ከሠራተኛ ብዛት፣ ከካፒታልና ከምርታማነት ይመነጫል። ሠራተኛ ሲያንስ ምርት የሚያንሰው በቀላል ስሌት ነው። ካፒታል የሚነካው በቁጠባ በኩል ነው፦ የኢኮኖሚ ሊቁ ፍራንኮ ሞዲግሊያኒ በ1950ዎቹ እንዳስረዳው ሰው በሥራ ዘመኑ ያስቀመጠውን በጡረታ ዘመኑ ያወጣል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ ይቆጥቡ የነበሩት የጃፓን ቤተሰቦች ከአርባ ዓመት በኋላ የሚቆጥቡት እጅግ ጥቂት ሆኗል። በምርታማነት ላይ ያለው ውጤት ግን አንድ ወጥ አይደለም። የሠራተኛ እጥረት ፋብሪካዎችን ወደ ሮቦት ገፍቷቸዋል፤ አቅመ ደካማን ማጠብና መመገብን የመሰለ ሥራ ግን ለመሣሪያ በቀላሉ አይሰጥም፤ ሕዝብ ሲያረጅ በፍጥነት የሚበዛው ደግሞ ይኸው ሥራ ነው።

ስለዚህ የጃፓንን ኢኮኖሚ በጥቅል ምርት ብቻ መመዘን ያሳስታል። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ኢየሱስ ፌርናንዴዝ ቪያቬርዴና ባልደረቦቹ በ2023 ባወጡት ጥናት ምርቱን በሥራ ዕድሜ ላይ ላለው ሰው ሲያካፍሉት፣ ከ1998 እስከ 2019 የታየው የጃፓን ዕድገት ከአሜሪካ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። በዝግተኛ ዕድገታቸው «የጠፉት አሥርተ ዓመታት» ተብለው ከሚታወቁት ዓመታት ቢያንስ በኋለኞቹ፣ ለዝግታው ዋናው ምክንያት የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን የቁጥሩ ማነስ ነው።

ዕዳ ግን በዚህ ስሌት አይቃለልም፤ ብድር የሚከፈለው ከጠቅላላ ገቢ ነውና። ጃፓን በ1961 የጡረታና የጤና ዋስትናን ለሕዝቧ በሙሉ አዳረሰች። በ1973 የጡረታ አበልን በእጅጉ አሳድጋ፣ 70 ዓመት ለሞላቸው ሕክምናን ነጻ አደረገች። አረጋውያን ጥቂት በነበሩበት ዘመን ወጪው ቀላል መስሎ ነበር። ነጻ ሕክምናው ከአሥር ዓመት በኋላ ቀረ፤ በ1989 በ3 በመቶ የተጀመረው የፍጆታ ግብር ግን 10 በመቶ ለመድረስ እስከ 2019 ቆየ። በመካከሉ ያለው ጉድለት በብድር ተሸፈነ፤ የመንግሥት ዕዳም ከዓመታዊው የአገር ውስጥ ምርት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከእርጅናው ይልቅ የጎዳው ይህ መዘግየት ነው። ከ40 ዓመት ጀምሮ መዋጮ የሚከፈልበት የአረጋውያን እንክብካቤ መድን በ2000 ሲጀመር፣ በ2004 ደግሞ የጡረታ አበሉ ከከፋዮች ቁጥር ጋር እንዲስተካከል ሲደነገግ፣ የሥራ ዕድሜ ሕዝብ መቀነስ ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር።

ብሔራዊ አማካይ የሚሸፍነውም ጉዳት አለ። በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ደሴት የምትገኘው ዩባሪ በ1960 ከመቶ ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራት የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። ማዕድኑ ሲዘጋ ወጣቱ ወጣ፤ በ2007 ከተማዋ በኪሳራ ምክንያት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባች፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿም ወደ አንድ ተጠቃለሉ።

ጃፓን የሠራተኛ እጥረቱን የሸፈነችው በዋናነት በሴቶችና በአረጋውያን ነው። ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ሴቶች ሥራ ላይ ያሉት በ2019 ከ70 በመቶ በላይ ሆነዋል፤ ሕጉም ቀጣሪዎች ፈቃደኛ ሠራተኛን እስከ 65 ዓመቱ በሥራ እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ነገር ግን ከቤት ወደ ሥራ የሚወጣ ተጨማሪ ሰው እያለቀ ነው፤ ሴቶቹ ካገኙት ሥራ ብዙው ቋሚ ያልሆነና ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። በ2019 የተከፈተው አዲስ የሥራ ቪዛ የውጭ ሠራተኞችን ቁጥር በ2023 ከ2 ሚሊዮን በላይ ለማድረስ አግዟል፤ ይህም ከ1995 ወዲህ ከጎደለው 13 ሚሊዮን የሥራ ዕድሜ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።