የቢላቴው ሃምሳ አለቃና ስማቸው ያልተጻፈ ሦስት አስካሪዎች

አርባ ምንጭ ሸቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁለቱን ሐይቆች በቀለማቸው ይለያቸዋል። ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አባያ ደፍራሽ ነው፣ ቡናማም ቀይም ይመስላል። ለዚያ ድፍርስ አፈር ከሚያቀብሉት ወንዞች አንዱ ቢላቴ ነው። ከጉራጌና ከሐድያ ደጋ ይነሣል፣ ሀላባን ያቋርጣል፣ ቆላውን ተከትሎ ወርዶ በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ይገባል። በዚህ ወንዝ ማዶ፣ ሀላባ ቁሊቶ አጠገብ፣ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጦር ሃምሳ አለቃ ሞተ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለጀግንነት የሚሰጠው ከሁሉ የበለጠ ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ በስሙ ታወጀ። አብረውት ወደ ታንኮቹ የሄዱ ሦስት አፍሪካውያንም ነበሩ። የእነሱ ስም በአዋጁ ላይ የለም።

አርባ ምንጭ ያኔ አልነበረችም። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ አስተዳደሩ ወደ ታች ወርዶ አዲሱ ከተማ የተቆረቆረው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አባያ ሐይቅም በካርታ ላይ የሚታወቀው በሌላ ስም ነበር። ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1880ዎቹ መጨረሻ በዚህ በኩል ሲያልፍ ለንግሥቱ ክብር ብሎ «ማርጌሪታ» ብሎታል። እንግሊዞችም በ1933ቱ ዘመቻ የጣሊያንን ካርታ ስለያዙ ስሙን ከነአጻጻፉ ወረሱት። በነሱ ሰነድ ቁሊቶ «ኮሊቶ» ነው፣ ሶዶም «ሶዱ»። ይህን የምጽፈው ለጌጥ አይደለም፤ በእንግሊዝ የጦር መዝገብ ውስጥ «አባያ» እያለ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ገጽ ገልጦ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

የእንግሊዝ የጦር መኮንን በዚህ አገር ሲያልፍ የ1933ቱ ዘመቻ የመጀመሪያው አልነበረም። የ18ኛው ሁሳር ፈረሰኛ ጦር ካፒቴን ሞንታጉ ዌልቢ በ1891 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ተከትሎ ቱርካና ድረስ ወርዷል፣ ያየውንም በመጽሐፍ ጽፏል። በማግሥቱ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቦር ጦርነት ቆስሎ ሞተ። ዌልቢ የመጣው ግን ለጉዞና ለአደን ነው። ሜዳሊያ ያስገኘው ጦርነት ወደ ሐይቆቹ የመጣው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። ብዙ ሰው ጦርነቱ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለዋል፤ በደቡብ ግን ገና ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ጦር ከሐይቆቹ ምሥራቅና ምዕራብ ተዘርግቶ፣ ጅማን ከኋላው አድርጎ ተቀምጧል። የእንግሊዙ ጄኔራል አላን ካኒንግሃም ሁለት ክንድ አዘጋጀ። 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ከነገሌ ቦረና በኩል ወደ ሰሜን ይገፋል፤ በጄኔራል ዌዘሮል የሚመራው 11ኛው ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሐሳቡ ሐይቆቹን እንደ አጥር ተጠቅሞ በምሥራቅ ያለውን የጣሊያን ጦር ከምዕራቡ መቁረጥ ነው። መቁረጫው ከሻሸመኔ በሀላባ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚሄደው መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለው ትልቅ እንቅፋት ደግሞ ቢላቴ። የበልግ ዝናብ መኪናውን ሁሉ ጭቃ ውስጥ ይቀብረው ነበር፤ በአንዳንድ ቀን ጦሩ የተዋጋው ከጣሊያን ይልቅ ከመንገዱ ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቁሊቶ የመጣው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ነው፣ አዛዡም ብርጋዴር ፎክስ። ከብርጌዱ ሻለቆች አንዱ «የንጉሡ አፍሪካ ጠብመንጃ ያዦች» የሚባለው ጦር 1/6ኛ ሻለቃ ሲሆን፣ 6ኛው ወታደሮቹን የሚመለምለው በተለይ ከታንጋኒካ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ ነበር። መኮንኖቹና ጥቂት የበታች ሹማምንት ነጮች ናቸው፤ የቀረው አስካሪ ነው።

እዚህ ላይ ስለ «አስካሪ» አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ መነሻው ዐረብኛ ነው፣ ወታደር ማለት ነው። በእኛ ጆሮ አስካሪ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ከዐድዋ ጀምሮ በጣሊያን ባንዲራ ስር የተሰለፈው የኤርትራ ሰው ነው። በስዋሂሊ ተናጋሪው አገር ደግሞ ያው ቃል የእንግሊዝ ወታደር ነው። ስለዚህ በቢላቴ ግራና ቀኝ ዳርቻ የተፋጠጡት አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ስም የሚጠሩ አፍሪካውያን ነበሩ። ከእንግሊዝ ጋር ከወረደው ሠራዊት መካከልም ከወረራው ሸሽተው ኬንያ ውስጥ በኢሲዮሎና በታቬታ ካምፕ ከርመው፣ በየ«ኢሬጉላር» (ከመደበኛው ጦር ውጭ በሆነ) ጓዱ ተመልምለው ወደ አገራቸው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የደቡቡን ዘመቻ «የእንግሊዝና የጣሊያን» ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው ማን እንደ ሞተ በቅጡ አላየም።

ሃምሳ አለቃ ናይጀል ግሬይ ሊኪ በታኅሣሥ 1905 ኬንያ ውስጥ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ የሰውን ዘር አመጣጥ ያጠናው ሉዊስ ሊኪ ዘመዱ ነው፤ የሉዊስ ልጅ ሪቻርድ የመራው ቡድንም በ1959 ዓ.ም. በታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ ላይ፣ ዝነኛውን የራስ ቅል ቅሪት አግኝቷል።

ለኒሻኑ የታተመው የምስክርነት ጽሑፍ የሚነግረን ይህ ነው። የሻለቃው ሁለት ሻምበሎች በጠላት ተኩስ መካከል ወንዙን ተሻግረው ማዶ ላይ ጠባብ ስፍራ ይዘዋል። ታንክ የሚመታ ከባድ መሣሪያ ገና አልተሻገረላቸውም። ሊኪ በባለ 3 ኢንች ሞርታር ሲሸፍናቸው ቆይቶ ቦምቡ አለቀበት፤ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ። በዚያ ቅጽበት ከቁጥቋጦው ውስጥ የጣሊያን ታንኮች ወጡ፣ መካከለኞችም ቀላሎችም። አንዱ ዞሮ በእግረኛው ጀርባ መጣና በመትረየስ ያጭደው ጀመር። ሊኪ ዘሎ ታንኩ ላይ ወጣ፣ የላይ ክዳኑን ገንጥሎ ከፈተና በሽጉጡ አዛዡንና ሌሎቹን ገደለ። ነጂውን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ ከለላ እንዲነዳው አስገደደው። ከዚያ የታንኩን መድፍ ሊጠቀምበት ሞከረ። መድፉ እንቢ አለ።

የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ በዚህች መድፍ ላይ አይቆሙም፤ እኔ ግን ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ የታጠፈ ይመስለኛል። መድፉ ቢተኩስለት ኖሮ ሊኪ ብረት ለብሶ ይዋጋ ነበር። አልተኮሰም፤ ስለዚህ በእግሩ እንደሚገጥማቸው ተናግሮ ወረደ። ጽሑፉ እዚህ ላይ አንድ ሐረግ ይጥላል፦ ከአንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ከሌሎች ሁለት አስካሪዎች ጋር ሆኖ። አራቱ በተኩስ በተጠረገ ሜዳ ላይ ታንኮቹን እያደቡ ይከተሉ ጀመር። ሁለት ታንክ አለፋቸው። ሊኪ ሦስተኛው ላይ ዘሎ ወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከውስጥ አንድ ሰው ገደለ። አራተኛው ታንክ በመትረየስ መትቶ ከላዩ ጣለው። የሻምበል ባሻውና የሁለቱ አስካሪዎች ነገር ከዚህ አይቀጥልም፤ ቆሰሉ፣ ሞቱ፣ ተመለሱ፣ ምንም አይልም።

የሊኪ አስከሬን አልተገኘም። ስሙ ያለው ናይሮቢ ባለው የጦር መካነ መቃብር፣ መቃብር ለሌላቸው በቆመው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ነው። የጣሊያን የመልሶ ማጥቃት ተሰበረ፤ ብርጌዱ ወደ ሶዶ ገፋ፤ ግንቦት 14 ቀን ሶዶ ተያዘች፣ ሁለት የጣሊያን ክፍለ ጦር አዛዦችም እዚያው ተማረኩ። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው በዚያው ሳምንት ነው። የዓለም ጋዜጣ ያን ሲያወራ የቁሊቶ ነገር ማን ያስታውሳል? በግንቦት መጨረሻ ጦሩ ኦሞን ተሻገረ፣ ሰኔ 14 ጅማ ገባ፣ ሰኔ 26 ጋዜራ እጁን ሰጠ።

ቪክቶሪያ ክሮሱ በለንደን ጋዜት የታተመው ኅዳር 6 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም አቀፉ ጦርነት ካለቀ በኋላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንጉሡ አፍሪካ ጠብመንጃ ያዦች የተሰጠ ብቸኛው ቪክቶሪያ ክሮስ ይኸው ነው። የተሸለመው ሰው ስምና ጦር በማንጠልጠያው ጀርባ፣ የፈጸመበት ቀን በመስቀሉ ጀርባ ይቀረጻል። ከነሐስ የተሠራ፣ ሲያዩት ድሃ የሚመስል ነገር ነው፤ ክብሩ ያለው በጽሑፉ ነው።

አስካሪው በዚያ ጊዜ የተለየ መሰላል ነበረው። ለንጉሡ አፍሪካ ጠብመንጃ ያዦች ብቻ የተበጀ፣ የጦሩ ስም የተጻፈበት፣ ከእንግሊዙ ወታደር ተመሳሳይ ሜዳሊያ የተለየ የመልካም ጀብዱ ሜዳሊያ ነበር፤ የቀረውም እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ድፍረት ይለካል፣ ግን በሁለት ሚዛን። የሻምበል ባሻው ስም ከሊኪ አጠገብ ያልተጻፈው በዚህ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የምስክርነት ጽሑፍ ልማዱ የተሸላሚውን ስም ብቻ ማንሣት ነውና። ሆኖም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አፍሪካዊ መሆናቸውን ለመጥቀስ ቦታ ተገኝቷል።

በዘመቻው ላገለገለ ሁሉ የተሰጠው ደግሞ «የአፍሪካ ኮከብ» ነው። በኢትዮጵያ ምድር ላገለገለ የሚቆጠረው ከሰኔ 3 ቀን 1932 ጀምሮ ጎንደር እስከ ወደቀችበት ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ ነው። ባለ ስድስት ጫፍ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የመዳብ ቅይጥ፤ ጥብጣቡ የበረሃ አሸዋ ቀለም ሆኖ መካከሉ ለምድር ጦር ቀይ፣ በቀዩ ግራና ቀኝ ለባሕር ኃይል ጥቁር ሰማያዊ፣ ለአየር ኃይል ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ለእንግሊዝ ጦር ሲታደል ጀርባው ባዶ ነበር። ስም አይጻፍበትም፤ የፈለገ በራሱ ገንዘብ ያስቀርጽ።

ይህን ከቀድሞው የእንግሊዝ የኢትዮጵያ ሜዳሊያ ጋር ያነጻጸረ ሰው ይገረማል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ለዘመተው የናፒየር ጦር የተሰጠው ሜዳሊያ ትንሽ ብር ነው፤ በፊቱ የሻሽ ሽፍን ያደረገች ቪክቶሪያ በዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ተከባ ትታያለች፣ በጫፎቹ መካከል የሀገራችን የያኔ ስም በፊደል ተበትኗል። በጀርባው፣ በሎረል ቅጠል አክሊል ውስጥ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስምና ጦሩ ወይም መርከቡ ተነሥቶ ተቀርጿል። 14,000 ያህል ሰው ወስዶታል፣ ከእነሱም ወደ 2,000 የሚሆነው መርከበኛ ነው፤ አሮጌ በተባለው ስፍራ ሮኬት የተኮሰው የባሕር ኃይል ጓድ ጭምር። ለአንድ አጭር ዘመቻ እንዲህ ያለ ወጪ! ለአብዛኛዎቹ የሕንድ ወታደሮች ግን ስሙ ተነሥቶ አልተቀረጸም፤ ተወግቶ ነው የተጻፈ። መቅደላ በር ላይ የገቡት የ33ኛው ጦር ከበሮ መቺ ማግነርና ወታደር በርጊን ደግሞ ቪክቶሪያ ክሮስ አግኝተዋል። ያኔም መዝገቡ በሰው ዘር የተደለደለ ነው።

የእኛስ? የአርበኝነት ሜዳሊያ ሲሰጥ የታየው ስም ሳይሆን ዓመት ነው። በጫካ ያሳለፈው እያንዳንዱ ዓመት በዘንባባ ይቆጠራል፣ «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በወላይታ፣ በጋሞና በሲዳማ የነበሩ ሰዎች ይህን የዓመት ቆጠራ ያውቁታል፤ የቁሊቶ ውጊያ ግን ለእነሱ የአንድ ቀን የሌላ ሰው ጦርነት ነበር።

የሊኪ መስቀል ሊገኝ ይችላል፤ ስሙ አለበት። የሦስቱ አስካሪዎች ኮከብ ተሰጥቷቸው ከሆነ ከሌላው ኮከብ ሁሉ አይለይም። በሞሮጎሮ ወይም በታቦራ በአንድ ሳጥን ውስጥ ቢገኝ፣ ጀርባውን የሚገለብጥ ሰው የሚያየው ለስላሳ ቢጫ ብረት ነው።