የእንጦጦ ማገዶ በንግድ ትምህርት ሚዛን

በዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ስለ ዘላቂነት ሲነሣ ምሳሌው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣል። እርግጥ ነው፣ በጀርመን አገር የሳክሶኒ ማዕድን ሹም የነበረው ፎን ካርሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ደን አጠባበቅ መጽሐፍ ያሳተመው ለማዕድን ማቅለጫ የሚሆን እንጨት በማጠሩ ነው። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ተማሪ ከዚህ የቀረበ መዝገብ በእንጦጦ ራጉኤል ዙሪያ ተዘርግቶለታል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ከከተሙ ወዲህ የተራራው ጽድና ወይራ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ ተቆረጠ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ፍጆታው ይበልጥ በረታ። የማገዶው ዋጋ የቆራጩንና የተሸካሚውን ድካም ይዟል፤ ዛፉ ዳግመኛ እስኪያድግ የሚፈጀውን ዘመን ግን አልያዘም። በነጋዴ አነጋገር ወረቱ እንደ ትርፍ ተበላ። መዘዙም ቀላል አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን በስተምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደረሱ።

አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸኑአት ነገሮች ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ አገር ያስገባው ፈረንሳዊው ሙሴ ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለቆረጣ ይደርሳል፤ ከጉቶውም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩ ወረት፣ ግንዱ ትርፍ ሆነ። (የመሐንዲሱ እርብራብም ለብዙ ዘመን የቆመው በዚሁ እንጨት ነው።)

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚህ አልተዘጋም። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ስሞታ በረታና እ.ኤ.አ. በ1913 ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ። ትእዛዙ ግን በሚገባ አልተፈጸመም፤ ማገዶ የሚያስፈልገው ሕዝብ ዛፉን ሊነቅል አይችልምና። ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ለገበያ ያወረዱት ሴቶች ድካምም በየትኛውም የወጪ ዓምድ አልተመዘገበም።

የንግድ መምህሩ ይህን ሁሉ በቁጥር ሊያሠራ ይችላል። ተማሪው አንድ ሸክም ማገዶ ከተራራው እስከ ገበያ ያስወጣውን ይዘርዝር፤ የምንጩን ውኃና የተሸካሚዋን ጀርባ በማን ሒሳብ እንደሚጽፍ ይወስን። ቀጥሎም ከተማን የማዛወርን ወጪ ችግኝ ከመትከል ወጪ ጋር ያነጻጽር። ለዚህኛው ጥያቄ የአዲስ ዓለሙን ሕንፃ ሄዶ ማየት ይጠቅመዋል፤ ለቤተ መንግሥት ተጀምሮ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነው እሱ ነው።