የጭምት አለቃ ዝምታ፦ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚነሣ ሐሳብ

አማርኛ ጭምትን ከዓይነ አፋር ይለያል። ዓይነ አፋር ሰው ፊት መቆም የሚከብደው ነው፤ ጭምት ግን መናገር እየቻለ የሚቆጠብ። ቋንቋችን ይህን ጠባይ ቢያከብርም፣ የመሥሪያ ቤት ዕድገት ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ደምቆ ለሚናገር ያደላል።

ጥናትም ለዚህ ከፊል ማስረጃ ይሰጣል። ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ግምገማ፣ ከሰው ጋር መቀላቀልና መናገር በሚወድ ተጫዋች ጠባይና በመሪነት መካከል 0.31 ዝምድና አግኝተዋል። ዝምድናው መኖሩ እውነት ነው፤ ነገሩን ሁሉ ግን አይወስንም። በ2011 እ.ኤ.አ. አዳም ግራንት፣ ፍራንቼስካ ጂኖና ዴቪድ ሆፍማን 57 የፒዛ መደብሮችን አጥንተው፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሐሳብ የሚያመነጩ በሆኑበት ተጫዋች አለቃ ያለው መደብር ትርፉ 14 በመቶ እንደሚያንስ አሳዩ። ሠራተኞቹ ትእዛዝ ጠባቂ በሆኑበት ግን የተጫዋቹ አለቃ መደብር ትርፍ 16 በመቶ ይበልጥ ነበር። ጭምቱ የሚረታው እንግዲህ የሚያዳምጠው ነገር ሲኖር ነው።

እንዲህ ያለው ማዳመጥ ምን እንደሚመስል ከሸክላ ሠሪዎች ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ የሸክላ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በአብዛኛው በማየት ነው። የልጅቷ ጀበና አንገቱ ሲያዘነብል አንጋፋዋ ጣቷን ውኃ ነክራ ቀና ታደርገዋለች፤ ልጅቷም የእናቷን እጅ በዓይኗ ትከተላለች። የተተኮሰውን ዕቃ ደግሞ በጣት ኳ አድርጎ ማዳመጥ ነው፦ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና፣ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩ ናቸው፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በስድብ የተገፋ ሰው ዝምታ ጭምትነት ተብሎ ሊወደስ አይገባም። በመሥሪያ ቤትም አንዱ ስለሚያስብ፣ ሌላው ስለሚፈራ ዝም ይላል፤ አለቃው ሁለቱን ካልለየ የራሱ ጭምትነት ለማንም አይጠቅምም።

ለአገራችን ጭምት አለቆች ዋናው ችግር ይህ ፍርሃት ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የበታች ሠራተኛ የአለቃን ፊት እያነበበ ይውላል፤ አለቃ ዝም ካለ «ተቆጥተዋል» ብሎ ሐሳቡን ይውጣል። ያኔ የማዳመጥ ጥቅም ገና ሳይጀመር ይቀራል። የቀጨኔዋ እናት ዝምታ አያስፈራም፤ ሐሳቧ በእጇ ይታያል። ጠረጴዛ ላይ የሚውል አለቃ ግን ጭቃ በእጁ ስለሌለ ዝምታውን በቃል መፍታት አለበት፦ «ሐሳባችሁን ሰምቻለሁ፤ ላስብበትና ነገ ከሰዓት መልሱን እነግራችኋለሁ» ብሎ፣ በማግሥቱም በሰዓቱ መገኘት። የስብሰባውን አጀንዳ ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ መላክም ለእሱም፣ እንደ እሱ ላሉትም የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ስብሰባው ሲበተን ደግሞ ጥግ ይዛ ዝም ብላ የዋለችውን ሠራተኛ ለብቻዋ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺስ ምን ታየሽ?» ማለት፤ ከዚያም መልሷ እስኪመጣ መጠበቅ።