ፔጆ 404 ፒክአፕ፦ ከሞላው በፊት ፍሬኑ

ሐረር ሲነሳ ፔጆ 404 አብሮ ይነሳል። ታክሲው በፈረስ መጋላና በጁጎል በሮች ዙሪያ ትውልድ አመላልሷል። በ1960 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ይህ መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ማሸነፉም ስለ ጥንካሬው ይመሰክራል። ችግሩ ያለው ወንድሙ ፒክአፑ ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ነው።

ብዙ ባለመኪና ቀድሞ የሚያስበው ፊቱ ላይ ጠንካራ ሞላ ማስገባት ነው። ጭነቱ እኮ በአብዛኛው የሚያርፈው ከኋላ ነው! ፍሬኑ ይቅደም። የታምቡር ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ሲግል ታምቡሩ ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ዲስክ ግን አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል። የኋለኞቹ 404 የቤት መኪኖች የፊት ዲስክ ነበራቸው፤ ከእነርሱ ሲወሰድ ዲስኩን ብቻ ሳይሆን የፊት እግሩን ከነጎማ መያዣው ማዛወር ይሻላል። ዲስክ የበለጠ ግፊት ስለሚፈልግ ዋናው የፍሬን ፖምፓና ሰርቮው ከእርሱ ጋር የሚስማሙ ይሁኑ። የፍሬን ዘይቱም ይቀየር፤ ውሃ የሳበ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል።

በ404 ፊት ሞላውና አሞርቲዛተሩ የቆሙት አንድ ላይ ነው። ሞላ አጠንክሮ ያረጀ አሞርቲዛተር መተው ጎማውን ያነጥረዋል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝለትም። ሞላውን ያለ መጭመቂያ መፍታት ክልክል ነው፤ ታፍኖ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

መኪናው መጀመሪያ ባዶውን በሜዳ፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት ይሞከር። ደንገጎ ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚወረደውም በከባድ ማርሽ።